የድካም መስመር፦ ከዋት የእንፋሎት ሞተር እስከ ኮምፒዩተር መስኮት ጥግ

ሥራ በዓይን ይታያል? ግንበኛ ሲገነባ ግድግዳው ይታያል፤ ገበሬ ሲያርስ ትልሙ ይታያል፤ ሸማኔ ሲሸምን ኩታው ይታያል። ይሁን እንጂ ዓይናችን የሚያርፍበት የሥራው ፍሬ ነው እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። ድካሙ ምን ያህል ነበር? የቱ ቀን በረታ፣ የቱ ቀን ላላ? ይህን ግድግዳውም፣ ትልሙም፣ ኩታውም አይናገሩም። ኮምፒዩተር ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ኮምፒዩተር ሲሠራም ሲያንቀላፋም ያው አንድ ሣጥን ነው፤ ላብ የለው፣ ማለክለክ የለው። በውስጡ ያለችው ማራገቢያ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ብቻ «ምን ነካው?» እንላለን።

ለዚህም ነው ብዙ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ከማሳያቸው ጥግ አንዲት ትንሽ ግራፍ ማስቀመጥ የሚወዱት። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ወደ ላይ ስትወጣ ማሽኑ እየተጋ ነው፤ ወደ ታች ስትወርድ እያረፈ ነው። ለተርታው ተመልካች ጌጥ ትመስላለች። ታሪኳ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የገንዘብ ክርክር አለ፤ የተሸሸገ ምሥጢር አለ፤ በነጻ የታደለ ስጦታ አለ። ዛሬም ያልተዘጋ አንድ ጥያቄ አለ፦ የሥራን ልክ የሚሰፍረው ማን ነው? መስፈሪያውንስ የሚይዘው ማን ነው? (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሲሶው ሞተር

ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተርን አልፈጠረም። ከእርሱ በፊት የቶማስ ኒውኮመን ሞተር በእንግሊዝ የማዕድን ጉድጓዶች ውሃ ይቀዳ ነበር። ዋት ያደረገው ያንኑ ሥራ እጅግ ባነሰ የድንጋይ ከሰል እንዲሠራ ማድረግ ነው። የፈጠራ መብቱን በ1769 አስመዘገበ፤ ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ባደረገው ጥረትም የአገሪቱ ምክር ቤት በ1775 መብቱን እስከ 1800 ድረስ አራዘመለት።

ሁለቱ ሸሪኮች በኮርንዎል ከሚገኙ የመዳብና የቆርቆሮ ማዕድን ባለቤቶች ጋር የተዋዋሉት ውል ግን ለየት ያለ ነበር። ሞተራችን ከአሮጌው ሞተር ይልቅ የሚያድነው ከሰል ይታሰብ፤ ከዚያም ቁጠባ ሲሶው ዋጋ በየጊዜው ለእኛ ይከፈል፤ የሚል ነው። ሲሶ ለእኛ እንግዳ ቃል አይደለም። በአገራችን እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ የሲሶ አራሽና የእኩል አራሽ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። ክፍያ በድርሻ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ ጠቡ አውድማ ላይ ነው፤ ማን ሰፈረ? በየትኛው ቁና?

የኮርንዎል አውድማ የሞተሩ ቤት ነበር። ቦልተንና ዋት የሞተሩ ግዙፍ ምሰሶ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንዳለ የሚቆጥር መሣሪያ አስገጠሙ። መቁጠሪያው በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ በእነርሱ ሰዎች እጅ። የማዕድኑ ባለቤቶች መብሰልሰላቸው አልቀረም። ክርክሩ እየከረረ ሄዶ በ1790ዎቹ ፍርድ ቤት ደረሰ።

መቁጠሪያው ሌላም ጉድለት ነበረበት። ምሰሶው ስንት ጊዜ እንደተነሣ ይናገራል እንጂ በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንደነበረ አይናገርም። ዋት ለዚህ መላ ሲፈልግ ከሞተሩ ሲሊንደር ጋር የምትገናኝ አንዲት ትንሽ ሲሊንደር ሠራ፤ በውስጧ ፒስተንና ሞላ አለ። እንፋሎቱ ሲበረታ ሞላው ይጨመቃል፤ ሲላላ ይለቃል። ረዳቱ ጆን ሳውዘርን በ1796 ወሳኙን ነገር ጨመረበት፤ እርሳስ ከትንሿ ፒስተን ጋር አሰረ፣ ወረቀት የተለጠፈበትን ሰሌዳ ደግሞ ከዋናው ፒስተን ጋር ወዲያና ወዲህ እንዲሄድ አደረገ። እርሳሱ ግፊቱን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሰሌዳው የፒስተኑን ጉዞ ወደ ጎን ሲከተሉ በወረቀቱ ላይ ራሱን የሚገጥም ጥምዝ መስመር ተሣለ። በመስመሩ የታጠረው ስፋት በአንድ ዙር የተሠራው ሥራ ልክ ነው። ሞተር የራሱን ድካም በራሱ እጅ ጻፈ።

ዋትና ባልደረቦቹ ይህን መሣሪያ ለዓለም አላወጁም። የንግድ ምሥጢር አድርገው ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሸሸጉት። በኋላ ግን ምሥጢሩ ወጣ፤ በ1834 ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኤሚል ክላፔሮን ተመሳሳይ ሥዕል ተጠቅሞ የሳዲ ካርኖን የሙቀት ንድፈ ሐሳብ አብራራ። የከሰል ሒሳብ ለማስላት የተሣለች መስመር የፊዚክስ ቋንቋ ሆነች።

ነዳፊው ፕሌይፌር

በዚያው በቦልተንና ዋት ድርጅት ውስጥ ከ1777 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ዊልያም ፕሌይፌር የሚባል ወጣት ስኮትላንዳዊ በነዳፊነትና በዋት ረዳትነት ይሠራ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ጆን ፕሌይፌር የታወቀ የሒሳብ ሊቅ ነው። ዊልያም ግን ሕይወቱ ሰላም ያልነበረው፣ ብዙ ንግድ ሞክሮ ብዙ የከሰረ፣ በዕዳም የታሰረ ሰው ነበር። ይህ ባተሌ ሰው በ1786 ባሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ አንድ አዲስ ነገር ለዓለም ሰጠ። ዓመታትን በአግድም፣ ገንዘብን በቁም አድርጎ የእንግሊዝን ገቢና ወጪ ንግድ በመስመር ሣለ። በመጽሐፉ ካሉት 44 ሥዕሎች 43ቱ ጊዜን ተከትለው የሚሄዱ ናቸው። የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ያገኘበትን የስኮትላንድን ንግድ ደግሞ በአሞሌ ሥዕል አሳየ። በ1801 ያወጣው ሌላ መጽሐፍ ክብ ሥዕሉንም አክሎበታል።

ፕሌይፌር ረቂቁን ለቀድሞ አለቃው ለዋት አሳይቶት ነበር። የዋት ምክር ለታሪካችን እጅግ ይጠቅማል። ሥዕሎቹ የተሠሩባቸው ሠንጠረዦች አብረው ቢታተሙ ይሻላል፤ አለበለዚያ ነገሩ ሁሉ የሠሪውን ቃል ማመን ይሆናል፤ የሚል ነበር። የሚገርመው የራሱን ሞተር መቁጠሪያ ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ የያዘው ሰው ይህን መምከሩ ነው። ምክሩ ግን ትክክል ነው። ሥዕል ልብን ቶሎ ያሳምናል፤ ለዚያው ነው መረጃው ከጎኑ መቆም ያለበት።

ብዕር በስምንት አቅጣጫ

ዘመን ተሻገረ። በ19ኛው መቶ ዘመን ካርል ሉድቪግ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የደምን ግፊት በሚሽከረከር በርሜል ላይ በተጠቀለለ ወረቀት መሣል ቻለ፤ ዛሬ በሆስፒታል የምናየው የልብ ምት መስመር የዚያ ዘር ነው። በፋብሪካዎችም ሙቀትንና ግፊትን ያለ ዕረፍት የሚጽፉ ብዕሮች ተለመዱ። ኮምፒዩተር ሲመጣ ግን ችግር ተፈጠረ። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር ነው፤ መስመርን አያውቅም።

በ1962 ጃክ ብሬዘንሃም የሚባል የአይቢኤም ባልደረባ ይህን ችግር ገጠመው። በእጁ ያለው 1401 የሚባል ኮምፒዩተርና ከእርሱ ጋር የተያያዘ የሥዕል ብዕር ነው። ብዕሩ ከቆመበት ነጥብ ወደ ስምንት አቅጣጫ አንዳንድ እርምጃ ከመራመድ በቀር ሌላ አይችልም። ታዲያ ሰያፍ መስመር እንዴት ይሠመር? በየእርምጃው እያባዙና እያካፈሉ ማስላት ለዚያ ዘመን ማሽን ከባድ ነው። የብሬዘንሃም መላ ቀላል ነበር። ብዕሩ ከእውነተኛው መስመር ምን ያህል እንደራቀ በሙሉ ቁጥር ይመዘገባል፤ ርቀቱ ከልክ ሲያልፍ ብዕሩ አንድ እርምጃ ወደ ሰያፍ ይወስዳል፤ መዝገቡም ይስተካከላል። የሚያስፈልገው መደመርና ማነጻጸር ብቻ ነው። ዘዴው በ1965 ታተመ። ከዚያ በኋላ የወረቀት ብዕሩ ቀርቶ የመስታወት ማሳያ ሲተካው፣ እርምጃዎቹም ፒክስል የሚባሉ የብርሃን ነጥቦች ሲሆኑ፣ ያው ሒሳብ ሳይለወጥ አገለገለ።

ወረፋው

አሁን የሚሠመርበት መላ ተገኘ። የሚሠመረውስ ምንድን ነው? የኮምፒዩተር ድካም በምን ይለካል?

በ1960ዎቹ ኮምፒዩተር እጅግ ውድ ስለነበር አንዱን ማሽን ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጋሩበት ዘዴ ተፈለሰፈ። ማሽኑ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የጊዜ ቁራሽ እያደለ በፍጥነት ስለሚዘዋወር ሁሉም «ለእኔ ብቻ ነው የሚሠራው» ይላል። ሰው ሲበዛ ግን ቁራሹ እየሳሳ ይሄዳል። ጎረቤት አንድ ከባድ ሥራ ከጫነ የሁሉም ማሳያ ይጎተታል። ስለዚህ ተጠቃሚው ገና ከመግባቱ በፊት «ዛሬ ወረፋው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አስፈለገው።

በአሜሪካ የቢቢኤን ኩባንያ የሠራው ቴኔክስ የተባለ ሥርዓት ለዚህ መልስ የሚሆን ቁጥር ነበረው፤ አማካይ ጫና ይባላል። በ1973 የወጣ፣ በዘመኑ የኔትዎርክ ሰነዶች መዝገብ 546 የሚል ተራ ቁጥር የያዘ አጭር ጽሑፍ የቴኔክስ ማሽኖችን የሐምሌ ወር አማካይ ጫና ይዘረዝራል። ሐሳቡ ወደ ዩኒክስ፣ ኋላም ወደ ሊኑክስ ተሻገረ። ዛሬም ሊኑክስ ያለበት ማሽን ሲጠየቅ ሦስት ቁጥሮች ይመልሳል፤ የ1፣ የ5 እና የ15 ደቂቃ አማካይ። ሊኑክስ በየ5 ሰከንዱ ገደማ ወረፋውን ይቆጥርና የድሮውን ቁጥር ጥቂት አደብዝዞ አዲሱን ያክልበታል።

ከማደብዘዙ የተነሣ ቁጥሩ ሁልጊዜ ከእውነቱ ጥቂት ዘግይቶ ይደርሳል። ባዶ በነበረ ማሽን ላይ አንድ ሥራ ያለማቋረጥ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቢሠራ የአንድ ደቂቃው አማካይ 1 አይልም፤ 0.63 ገደማ ነው የሚለው። ሥራው ካበቃ በኋላ ደግሞ ቁጥሩ ገና ከፍ እንዳለ ይቆያል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። የውሻው ጩኸት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ጅብ መኖሩን፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣም ያስተምራል። ለዚህም ቁጥሩን አንዴ አይቶ መተው አይበቃም፤ ተከታትሎ መመዝገብ ያሻል። መስመርና ጫና የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ከአቴና የወጣ «እንትን»

በ1983 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ዴክና አይቢኤም ከተባሉት ሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ጋር ሆኖ ፕሮጀክት አቴና የሚባል ዕቅድ ጀመረ። ዓላማው ተማሪዎች ሁሉ በኔትዎርክ በተያያዙ ኮምፒዩተሮች እንዲማሩ ነው። ችግሩ የሁለቱ ኩባንያዎች ማሽኖች አለመመሳሰላቸው ነበር። በ1984 ቦብ ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት መስኮት የሚከፍት ሶፍትዌር ሠሩ። መነሻቸው በስታንፎርድ የተሠራ ደብልዩ የሚባል ሥራ ስለነበር የራሳቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ቀጥሎ በሚመጣው፣ ኤክስ ብለው ጠሩት። በ1987 የወጣው 11ኛው እትም መሠረቱ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሳይናወጥ ቆየ።

ኤክስ ሁለት ነገሮች ለይተውታል። አንደኛው፣ ፕሮግራሙ ሩቅ ባለ ማሽን ላይ እየሠራ መስኮቱ በተጠቃሚው ማሳያ ላይ ሊከፈት መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ኤክስ መስኮት ይሥላል እንጂ መስኮቱ የት ይቀመጥ፣ ክፈፉ ምን ይምሰል፣ የትኛው ከላይ ይሁን ብሎ አይወስንም። ያን የሚወስነው የመስኮት አደራጅ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ያልወደደው ሌላ ይተካል፤ የሚችል ደግሞ የራሱን ይጽፋል። ቶም ላስትሬንጅ በ1987 የጻፈው «ትዊኤም» ብዙዎች ያወቁት የመጀመሪያው አደራጅ ሆነ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኤምአይቲ ኤክስን ከነምንጩ በነጻ ለቀቀው። የፈለገ ይውሰድ፣ ይለውጥ፣ ይሽጥም አለ።

መስኮት ውስጥ የሚገቡትን ቁልፎች፣ ዝርዝሮችና ሰሌዳዎች ደግሞ በጋራ ምን እንበላቸው የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሠሪዎቹ ሌሎቹ የተለመዱ ስሞች ሁሉ ሌላ ትርጉም ተጭኖባቸዋል ብለው «ዊጄት» የሚለውን መረጡ። ዊጄት በአሜሪካ እንግሊዝኛ ስሙ ያልታወቀ ወይም ስሙ የማያስፈልግ ዕቃ ነው፤ በእኛው አነጋገር «እንትን» እንደ ማለት ነው። ከአቴና «እንትኖች» አንዷ በጊዜ ተራ ወደ ፊት የምትሄድ ግራፍ ነበረች። ኤክስሎድ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ይህችን ግራፍ ይዞ የማሽኑን አማካይ ጫና በየ10 ሰከንዱ ይሥላል። መስመሯ ከግራ ወደ ቀኝ ትሄድና ከዳር ስትደርስ ሥዕሉ ወደ ግራ ተገፍቶ ቦታ ይለቀቅላታል። ጫናው አንድን፣ ሁለትን ባለፈ ቁጥር አግዳሚ መስመር ይጨመራል።

ዋት ቆልፎ የያዘው ነገር አሁን በእያንዳንዱ ተማሪ ማሳያ ላይ ተገልጦ ተቀመጠ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የኮርንዎሉ መቁጠሪያ የተሠራው አንዱ ወገን ሌላውን እንዲያስከፍል ነበር። የአቴናዋ መስመር ግን ማሽኑን የሚጋሩት ሁሉ እኩል የሚያዩዋት ናት። ጫናው ከፍ ብሎ ያየ ሰው ከባድ ሥራውን ለሌሊት ያቆየዋል። የጨዋ ጎረቤት ሥነ ሥርዓት ነው።

ከፀሐይ በኋላ ጨረቃ

ከዚያ በኋላ የመስኮት አደራጆች በየአገሩ ፈሉ። በ1997 ብራዚላዊው አልፍሬዶ ኮጂማ ዊንዶው ሜከርን አወጣ። በማሳያው ጠርዝ የሚደረደሩት ትንንሽ ካሬዎቹ ቁመታቸውም ወርዳቸውም 64 ነጥብ ነው። ባለሙያዎች በዚያች ካሬ ውስጥ ሰዓት፣ የባትሪ መጠን፣ የጫና ግራፍ እየሣሉ ይለዋወጡ ጀመር። በሌላው ወገን በ1996 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 በታስክ ማኔጀር ውስጥ አረንጓዴ ግራፍ ይዞ ስለመጣ ብዙ የቢሮ ሠራተኛ ይህችን መስመር ያወቃት በዚያ መንገድ ነው።

ብራዚል ለዚህ ታሪክ ሌላም ውለታ አላት። አገሪቱ እስከ 1992 ድረስ የውጭ ኮምፒዩተርና ሶፍትዌር እንዳይገባ አጥር አጥራ ነበር። በሪዮ ዴ ጃኔሮ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ባለሙያዎች የነዳጅ ኩባንያውን የፔትሮብራስን ሥራ ለማቃለል የራሳቸውን መሣሪያ መሥራት ግድ ሆነባቸው። በቅድሚያ ከሠሯቸው ትንንሽ ቋንቋዎች አንዱ «ሶል» ይባል ነበር፤ በፖርቱጋልኛ ፀሐይ ማለት ነው። በ1993 ሮቤርቶ ኢየሩሳሊምስኪ፣ ሉዊዝ ኤንሪኬ ዴ ፊጌሬዶና ዋልደማር ሴሌስ ያንን የሚተካ ቋንቋ ሲያወጡ «ሉዋ» አሉት፤ ጨረቃ። ሉዋ ትንሽና ቀላል በመሆኑ በሌላ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ገብቶ ለማገልገል ተስማሚ ነው። ከድሃ ጎተራ የወጣ ዘር በዓለም ማሳ ተዘራ።

በ2006 አንሰልም ጋርቤ የተባለ ባለሙያ ዲደብልዩኤም የሚባል አደራጅ ጻፈ። ኩራቱ ማነሱ ነበር፤ ሙሉ ፕሮግራሙ ከ2000 መስመር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መለወጥ የፈለገ ምንጩን ራሱን እንዲለውጥ ፈረደ። ፈረንሳዊው ዡሊየን ዳንዡ በ2007 ከዚሁ ተነሥቶ «ኦሰም» የሚባለውን ሠራ፤ በ2008ቱ 3ኛ እትም ደግሞ የጨረቃውን ቋንቋ ከሆዱ አስገባ። ከዚያ ወዲህ ተጠቃሚው ማሳያውን በሉዋ ጥቂት መስመሮች እንዳሻው ያበጃል፤ ግራፍም እንደ አንድ ዊጄት ተሠርታ ትጠብቀዋለች።

ግራፏን ማስነሣት

እንግዲህ አንድ ሰው በዚህ አደራጅ ላይ የፕሮሰሰሩን ሥራ የምታሳይ ግራፍ ሊያቆም ፈለገ እንበል። ሥራው ከሩቅ ሲታይ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ይመስላል። ቀርበው ሲያዩት ግን ያለፈው ሁለት መቶ ዓመት ጥያቄ ሁሉ ተራ በተራ ይመጣል።

የመጀመሪያው የዋት ጥያቄ ነው፤ ምን ይቆጠር? ሊኑክስ ፕሮሰሰሩ ከተነሣበት ሰዓት አንሥቶ ስንት የሰከንድ መቶኛ እንደሠራና ስንት እንዳረፈ በአንድ ፋይል ይመዘግባል። ይህ ድምር ነው፤ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም። ጀማሪ ድምሩን እንዳለ አካፍሎ ቢሥል የሚያገኘው ማሽኑ ከተነሣ ወዲህ ያለውን አማካይ ነው፤ መስመሯ የሞተች ያህል ዝርግ ትሆናለች። መላው ሁለት ጊዜ አንብቦ መቀነስ ነው። በ5 ሰከንድ ልዩነት ሁለት ጊዜ ቢነበብ በአንድ ፕሮሰሰር ላይ ጠቅላላው 500 ይጨምራል። ከዚህ ውስጥ የዕረፍቱ ጭማሪ 350 ከሆነ ሥራው 150 ነው፤ ማለት 30 በመቶ።

ሁለተኛው የፕሌይፌር ጥያቄ ነው፤ በምን ልክ ይሣል? ግራፏ 30 ነጥብ ቁመት ካላት 30 በመቶ 9 ነጥብ ይሆናል። ይህ የሚሠራው ጣሪያው 100 ተብሎ ከታሰረ ነው። ጣሪያዋን ራሷ እንድትመርጥ ከተተወች ግን ከመጡት ቁጥሮች ትልቁን ጣሪያ ታደርጋለች፤ ማሽኑ ተኝቶ እያለ የአንድና የሁለት በመቶ እንቅስቃሴ የራስ ዳሸንን ያህል ተራራ ሆኖ ይታያል። ቁጥሩ ሳይዋሽ ሥዕሉ ይዋሻል።

ሦስተኛው የትዝታ ጥያቄ ነው። በኤክስ ሥርዓት አንድ መስኮት በሌላ ተሸፍኖ ሲገለጥ ከሥሩ የነበረው ሥዕል ይጠበቃል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ፕሮግራሙ «እንደገና ሣል» ይባላል። ስለዚህ ግራፍ የምትሠራ ዊጄት ያለፉትን ቁጥሮች ራሷ መያዝ አለባት። ወርዷ 100 ነጥብ ከሆነ 100 ቁጥር ትይዛለች፤ በ5 ሰከንድ አንድ ከሆነ ከ8 ደቂቃ ጥቂት ከፍ ያለ ታሪክ ነው። አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይወጣል። ከዚያ በፊት የሆነው ለእርሷ አልነበረም።

አራተኛው የቁልፉ ጥያቄ ነው። በኦሰም ውስጥ የተጠቃሚው የሉዋ ጽሑፍና አደራጁ ራሱ በአንድ ክር ነው የሚሄዱት። ግራፏ ቁጥር ለማምጣት ሌላ ፕሮግራም ጠርታ መልሱን ቆማ ከጠበቀች ያ ፕሮግራም እስኪመለስ መስኮቶቹ ሁሉ አብረው ይቆማሉ፤ ቀስቱ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን የለም። ጫናን እለካለሁ ያለችው ራሷ ጫና ሆነች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት፣ በራሷ አሳጠረች አለ ይባላል። መፍትሔው ጥሪውን ልኮ ወደ ሥራ መመለስ፣ መልሱ ሲመጣ ብቻ መስመሯን ማሳደስ ነው።

አምስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፤ የተሣለው ነገር ስሙ ማን ነው? በ1993 በሊኑክስ ላይ አንድ ለውጥ ተደረገ። አማካይ ጫና ፕሮሰሰር የሚጠብቁትን ብቻ ሳይሆን ዲስክ የሚጠብቁትንም እንዲቆጥር ተደረገ። ምክንያቱ ተገቢ ነበር፤ ዲስክ ሲዘገይ ሥርዓቱ በእርግጥ ይታመማል። ውጤቱ ግን ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ጫናው 10 ሊል መቻሉ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው መስመሯን አይቶ «ማሽኑ ደከመ፣ ትልቅ ይገዛ» ይላል። የሚያውቅ ግን ዲስኩን ይመረምራል። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል፤ ልብ እንዲፈርድ ግን መስፈሪያው ምን እንደሚሰፍር ማወቅ አለበት።

መስፈሪያው በማን እጅ ነው?

ዛሬ ኤክስ ራሱ እያረጀ ነው። በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ የተባለ ሥርዓት ሣዩንና አደራጁን አንድ ላይ አዋህዶ በብዙ ቦታ ተክቶታል። ዊጄቶቹ ግን ቤት ለወጡ እንጂ አልጠፉም። ጠፍተው የማያውቁት ደግሞ ግራፎቹ ናቸው፤ እንዲያውም ከማሽን አልፈው ወደ ሰው ተሻግረዋል። በየአገሩ በመጋዘን ዕቃ የሚያነሣ፣ በስልክ ደንበኛ የሚያስተናግድ፣ መኪና የሚነዳ ሠራተኛ በየደቂቃው ስንት እንደሠራ የሚሥል መስመር አለቃው ማሳያ ላይ ይሄዳል። ሠራተኛው ብዙ ጊዜ መስመሩን አያየውም፤ ምን እንደሚቆጠር፣ ጣሪያው በማን እንደተወሰነ፣ ትዝታው እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ አይነገረውም። የኮርንዎሉ የተቆለፈ ሣጥን ተመልሶ መጥቷል፤ ቁልፉም በአንድ ወገን ኪስ ነው።

ለዚህ ነው የዚያች የጥግ ግራፍ ታሪክ ተራ የባለሙያ ወሬ ያልሆነው። አንድ ወጣት በራሱ ማሳያ ላይ አንዲት ግራፍ ከባዶ ሲያቆም ጥቂት የሉዋ መስመሮችን ብቻ አይደለም የሚማረው። ቁጥር ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህሉ እንደሚደበዝዝ፣ ጣሪያ ሲለወጥ ተራራው ሜዳ፣ ሜዳውም ተራራ እንደሚሆን በእጁ ያያል። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው አንድ መስመር ከፊቱ ዘርግቶ «ልክህ ይህ ነው» ቢለው የሚጠይቀውን ያውቃል። ሠንጠረዡ የት አለ? ይላል። ዋት ለፕሌይፌር የመከረውን፣ ለኮርንዎል ሰዎች ግን የነፈጋቸውን ጥያቄ።